የቋንቋ ኮርሶች ምዘናና የውጤት አገላለጽ በዩኒቨርሲቲ፦ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም አካባቢ ተማሪ አንጻር

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚሰጡ የእንግሊዝኛና የአማርኛ ቋንቋ ኮርሶች እንዴት እንደሚመዘኑና ውጤታቸው ለተማሪው እንዴት እንደሚደርስ ይመረምራል። ትንተናው የተመሠረተው በሥራ ላይ ባለው የምዘና አሠራር፣ በምዘና ጽንሰ ሐሳቦችና ለማሳያ በተዘጋጁ የነጥብ ስሌቶች ላይ ነው። ጽሑፉ ሦስት ነጥቦችን ያነሣል። አንደኛ፣ ልዩ ልዩ ክሂሎች በአንድ ፊደል ሲጠቃለሉ ተማሪው የሚችለውና የማይችለው ይሸፈናል። ሁለተኛ፣ የጽሕፈትና የንግግር እርማት የጋራ መስፈርት ሲያጣ ውጤቱ በተማሪው ችሎታ ብቻ ሳይሆን በአራሚው ማንነትም ይወሰናል። ሦስተኛ፣ ውጤት ዘግይቶና በአንድ መንገድ ብቻ ሲለቀቅ ከከተማ ርቆ የሚገኘው ተማሪ የመማርም ሆነ ቅሬታ የማቅረብ ዕድሉ ይጠባል። በመጨረሻም በነባሩ አቅም ሊሠሩ የሚችሉ አምስት ጥቆማዎች ቀርበዋል።

1. መግቢያ

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። ከተማዋ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያላት ሲሆን፣ በዚያው ጎዳና ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫ ከፍ ብላ የምትገኘው ቡሬ ደግሞ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት። ከጃቢ ጠህናን፣ ከወምበርማ፣ ከደምበጫና ከቋሪት ቀበሌዎች የሚነሡ ወጣቶች ወደነዚህም ሆነ ራቅ ወዳሉ ተቋማት ሲመደቡ በመጀመሪያው ዓመት ከሚገጥሟቸው ኮርሶች አንዱ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ኮርስ ነው። ከእነርሱም መካከል ጥቂት የማይባሉት ነገ የቋንቋ መምህር ሆነው ወደነዚሁ ቀበሌዎች ይመለሳሉ።

ስለዚህ በቋንቋ ኮርስ የሚሰጥ ነጥብ ሁለት ሥራ ይሠራል። ለተማሪው በዩኒቨርሲቲ የመቆየትና ያለመቆየት፣ የሚፈልገውን የትምህርት ክፍል የማግኘትና የማጣት ጉዳይ ነው። ለአካባቢው ደግሞ ነገ በገጠር ትምህርት ቤት ሰሌዳ ፊት የሚቆመው መምህር ማንበብ፣ መጻፍና መናገር ለመቻሉ የተሰጠ ምስክር ወረቀት ነው። ምስክርነቱ እውነተኛ ካልሆነ ጉዳቱ ከተማሪው አልፎ እርሱ ወደሚያስተምራቸው ሕፃናት ይሻገራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአንድን ተቋም አሠራር መንቀፍ አይደለም። በአገሪቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደውን የምዘና ሰንሰለት ከፈተና ወረቀቱ አንሥቶ ውጤቱ ተማሪው እጅ እስኪገባ ድረስ በመከተል፣ መረጃ የት ላይ እንደሚጠፋና እንዴት ሊጠበቅ እንደሚችል ማሳየት ነው።

2. የጉዳዩ ዳራ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ሆኖ እንዲቀጥል ደንግጓል። ከዚህ የተነሣ በዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ኮርስ እንደ ሌሎቹ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ አይደለም። ተማሪው በሌሎች ኮርሶች ሁሉ የሚለካበት መሣሪያ ጭምር ነው።

የከፍተኛ ትምህርት ሕግጋት በ1995፣ በ2001 እና በ2011 ዓ.ም. በተከታታይ በወጡት 351፣ 650 እና 1152 ቁጥር ዐዋጆች ተሻሽለዋል። በ2005 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የተቀናጀ የሞጁል ሥርዓተ ትምህርት ተከታታይ ምዘናን በዩኒቨርሲቲዎች የዕለት ተዕለት ቋንቋ አደረገው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የፍሬሽማን ዓመት ተመልሶ ሲመጣ፣ በሁለት ክፍል የተዘጋጀው የተግባቦት እንግሊዝኛ ቋንቋ ክሂሎች ኮርስ ለአዲስ ገቢዎች የጋራ ኮርስ ሆነ። የኮርሱ ስም ራሱ ዓላማውን ይናገራል፤ የታሰበው ተማሪው ስለ ቋንቋው እንዲያውቅ ብቻ ሳይሆን በቋንቋው እንዲግባባ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን የአገር አቀፍ ፈተናዎች ክብደት ጨምሯል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ሆኑ። ይህን ተከትሎ የተጀመረው የአቅም ማሻሻያ፣ በተለምዶ ሬሜዲያል የሚባለው፣ ፕሮግራም እንግሊዝኛን ከትምህርት ዓይነቶቹ አንዱ አድርጎታል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት የተሰጠውን የመውጫ ፈተና ከወሰዱት ከ150 ሺህ በላይ ተፈታኞች ያለፉት ደግሞ 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። የፈተና ጉዳይ በየቤቱ መነጋገሪያ በሆነበት በዚህ ወቅት፣ በግቢ ውስጥ መምህሩ ራሱ የሚያዘጋጀው ምዘና ግን ያን ያህል አልተመረመረም።

3. ጽንሰ ሐሳባዊ ማዕቀፍ

የቋንቋ ምዘና ጥናት ለአንድ ፈተና ሁለት መሠረታዊ ጥያቄዎችን ያቀርባል። የመጀመሪያው የተገቢነት ጥያቄ ነው፤ ፈተናው እለካዋለሁ ያለውን ችሎታ በእርግጥ ይለካልን? ሁለተኛው የአስተማማኝነት ጥያቄ ነው፤ ያው ወረቀት በሌላ ቀን ወይም በሌላ መምህር ቢታረም ያንኑ ነጥብ ያገኛልን? መሲክ እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረበው ትንተና ተገቢነት የፈተና ወረቀቱ ባሕርይ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከነጥቡ ተነሥተን የምንሰጠውን ትርጓሜና ትርጓሜው የሚያስከትለውን ውጤት እንደሚጨምር አስረድቷል። ባክማንና ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1996 የፈተናን ጠቃሚነት በስድስት ባሕርያት ሲዘረዝሩ ከተገቢነትና ከአስተማማኝነት ጋር በተማሪውና በማኅበረሰቡ ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ፣ እንዲሁም ባለው አቅም መሠራት መቻሉን አካተዋል።

ሌላው ጽንሰ ሐሳብ ፈተና በመማር ማስተማሩ ላይ የሚያሳድረው መልሶ ተጽዕኖ ነው። ኦልደርሰንና ዎል እ.ኤ.አ. በ1993 ይህ ተጽዕኖ እንዳለ ዝም ብሎ መገመት እንደማይገባ፣ በክፍል ውስጥ መታየት እንዳለበት አሳስበዋል። ማሳሰቢያቸው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ማጠቃለያ ፈተናው ምርጫ ብቻ መሆኑን አስቀድሞ የሚያውቅ ተማሪ ድርሰት የሚለማመድበት ምክንያት ጥቂት እንደሆነ ለመረዳት አያዳግትም።

ሦስተኛው ግብረ መልስ ነው። ሳድለር እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳስገነዘበው፣ ተማሪ ለመሻሻል ሦስት ነገሮችን ማወቅ አለበት፤ የሚጠበቅበትን ደረጃ፣ አሁን ያለበትን ደረጃ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላበትን መንገድ። ብላክና ዊሊያም እ.ኤ.አ. በ1998 በርካታ ጥናቶችን ገምግመው ለመማር ተብሎ የሚሰጥ ምዘና የተማሪዎችን ውጤት እንደሚያሻሽል ደምድመዋል። በእነዚህ መለኪያዎች ሲታይ፣ በሴሚስተር መጨረሻ የሚገለጽ አንድ ፊደል ከሦስቱ አንዱን ብቻ፣ እርሱንም በደብዛዛው፣ ለተማሪው ይነግረዋል።

4. አንድ ፊደል ብዙ ክሂል፦ የነጥብ ድልድሉ

በዩኒቨርሲቲዎች በስፋት የተለመደው አሠራር ከመቶው ግማሹን ለተከታታይ ምዘና፣ ግማሹን ለማጠቃለያ ፈተና የሚመድብ ነው። ተከታታይ ምዘናው በአጫጭር ፈተናዎች (ኩዊዝ)፣ በቴስት፣ በቡድን ሥራ፣ በቃል ገለጻና በክፍል ተሳትፎ ይከፋፈላል። ድምሩ በቋሚ መለኪያ ወደ ፊደል ይለወጣል፤ ከ70 እስከ 75 በታች ቢ፣ ከ65 እስከ 70 በታች ቢ ማይነስ ነው። ቢ 3.00፣ ቢ ማይነስ 2.75 ሆኖ ይታሰባል።

የዚህን አሠራር ውጤት ለማየት ሁለት ምናባዊ ተማሪዎችን እንውሰድ። የመጀመሪያው በሰዋስው ቴስት ከ15 12፣ በቃላት ኩዊዝ ከ5 4፣ በቡድን ሥራ ከ15 14፣ በቃል ገለጻ ከ10 4፣ በተሳትፎ ከ5 5፣ በማጠቃለያ ፈተና ከ50 31 አገኘ። ድምሩ 70 ነው፤ ቢ። ሁለተኛዋ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል 9፣ 3፣ 11፣ 9፣ 5 እና 32 አገኘች። ድምሯ 69 ነው፤ ቢ ማይነስ።

የሁለቱ ልዩነት አንድ ነጥብ ቢሆንም በፊደል ሲገለጽ የደረጃ ልዩነት ሆነ። ለመሆኑ ልዩነቱ ከየት መጣ? በቡድን ሥራው በሦስት ነጥብ የቀደመው የመጀመሪያው ተማሪ ነው፤ ይህ ነጥብ ግን የቡድኑ እንጂ የግሉ ችሎታ መለኪያ አይደለም። የቡድን ሥራው ከስሌቱ ቢወጣ የመጀመሪያው ከ85 56፣ ሁለተኛዋ ከ85 58 ይይዛሉ፤ ወደ መቶ ሲለወጥ 65.9 እና 68.2 ይሆናል። ቅደም ተከተላቸው ይገለበጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተግባቦት ኮርስ ሆኖ ሳለ፣ በእንግሊዝኛ ቆሞ ለመናገር ከ10 4 ያገኘው ተማሪ ከ10 9 ካገኘችው የተሻለ ፊደል ይዞ ወጥቷል። ፊደሉን የሚያነብ ሦስተኛ ወገን ይህን ማወቅ አይችልም።

የአንድ ነጥብ ልዩነት ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ኮርሱ 5 ኢ.ሲ.ቲ.ኤስ. ሴሚስተሩ በድምሩ 30 ቢሆን፣ የ0.25 ልዩነት በሴሚስተሩ አማካይ ላይ ወደ 0.04 ገደማ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ለአብዛኛው ተማሪ ይህ ኢምንት ነው። አማካይ ውጤቱ 1.97 ለሆነ ተማሪ ግን፣ ለመመረቅ የሚጠየቀው 2.00 በመሆኑ፣ በጠርዙ በወዲህና በወዲያ የመቆም ጉዳይ ነው። የመለኪያው ስፋት እኩል አለመሆኑም ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ሲ ከ50 እስከ 60 በታች ያለውን ሁሉ ስለሚያቅፍ፣ 50 ያገኘና 59 ያገኘ ተማሪ አንድ ሲሆኑ፣ 69 እና 70 ያገኙት ይለያያሉ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ፊደል ይቅር የሚል አይደለም። መዝገብ ማጠቃለያ ይፈልጋል። ነገር ግን ማጠቃለያው ከዝርዝሩ ጋር አብሮ መድረስ አለበት፤ ዝርዝሩም በምዘናው ዓይነት፣ ማለትም ቴስት፣ አሳይመንት፣ ፋይናል እየተባለ ሳይሆን፣ በክሂል፣ ማለትም ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ ተብሎ ቢቀርብ ለተማሪው ትርጉም ይኖረዋል።

5. አራሚው ማን ነው? የጽሕፈት እርማት አስተማማኝነት

የምርጫ ጥያቄ በማንም ቢታረም ነጥቡ አይለወጥም። ይህ ጥቅሙ ነው፤ መምህራንም ክፍሉ ሲበዛባቸው ወደ ምርጫ የሚሸሹት በዚሁ ምክንያት ነው። ድርሰትና ንግግር ግን በሰው ፍርድ የሚመዘኑ ናቸው። ፍርዱ በጋራ መስፈርት ካልታሰረ ከክፍል ክፍል ይለያያል።

በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ኮርሶች ይህን ጉልህ አድርጎ የሚያሳየው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ተማሪ «ዓለም» ወይም «አለም»፣ «ሐሳብ» ወይም «ሀሳብ»፣ «ሥራ» ወይም «ስራ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አንዱ መምህር የግእዝ ሥርወ ቃሉን መሠረት አድርጎ ሁለተኛውን አጻጻፍ ስሕተት ይለዋል፤ ሌላው ወጥነት እስካለው ድረስ ሁለቱንም ይቀበላል። ሁለቱም አቋሞች በአማርኛ የጽሕፈት ታሪክ ውስጥ ተከራካሪ አላቸው። የጎጃሙ ተወላጅ ሀዲስ ዓለማየሁ፣ በ1958 ዓ.ም. ፍቅር እስከ መቃብርን ያሳተሙት ደራሲ፣ ሞክሼ ፊደላት እንዲቀነሱ ከተሟገቱት አንዱ ነበሩ። ባለሙያዎች ያልተስማሙበትን ጉዳይ ግን የአንደኛ ዓመት ተማሪ በነጥብ ሊከፍልበት አይገባም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ከ20 በሚታረም ድርሰት አንዱ መምህር ለእያንዳንዱ የፊደል ልዩነት ግማሽ ነጥብ ቢቀንስና ተማሪው አሥር ጊዜ ቢለዋውጥ አምስት ነጥብ ያጣል። በሌላው ክፍል ያ ጽሑፍ ምንም አያጣም። አምስት ነጥብ ደግሞ በብዙው የመለኪያው ክፍል አንድ ሙሉ የፊደል ደረጃ ነው። ከቡሬ ጋር ከሚዋሰነው ከአዊ አካባቢ መጥቶ አፉን በአዊኛ ለፈታ ተማሪ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል፤ የአማርኛውን ሞክሼ ፊደላት የተማረው በትምህርት ቤት ብቻ ነውና።

የእንግሊዝኛ ድርሰትም ተመሳሳይ ፈተና አለበት። አንዱ አራሚ የሐሳብ ፍሰትን፣ ሌላው የግስ ስምምነትን፣ ሦስተኛው የገጹን ርዝመት አብልጦ ሊያይ ይችላል። መፍትሔው ታውቆ ያደረ ነው፤ ከፈተናው በፊት ለተማሪ የሚሰጥ የጋራ የእርማት መስፈርትና የሁለት አራሚ ንጽጽር። እንቅፋቱም የታወቀ ነው፤ ጊዜ። እያንዳንዳቸው 50 ተማሪ ያላቸው አራት ሴክሽኖች የያዘ መምህር 200 ድርሰት ያርማል። ለአንዱ 10 ደቂቃ ቢሰጥ 33 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሁሉንም በሁለተኛ መምህር ማሳረም ያንን እጥፍ ያደርገዋል። ከአምስት ወረቀት አንዱን፣ ማለትም 40ውን ብቻ፣ ሁለተኛ መምህር እንዲያርመው ቢደረግ ግን ተጨማሪው ሥራ ከሰባት ሰዓት ያንሳል። በሁለቱ አራሚዎች መካከል ሰፊ ልዩነት ከታየ የቀሩት ወረቀቶች እንደገና ይታያሉ፤ ካልታየ ውጤቱ በልበ ሙሉነት ይተላለፋል።

6. ውጤቱ ከመምህሩ እስከ ተማሪው

በተለመደው ሰንሰለት መምህሩ ነጥቡን ይሞላል፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ያያል፤ በኮሌጁ በኩል አልፎ ሬጅስትራር ይመዘግበዋል፤ ከዚያም በኤሌክትሮኒክ የተማሪዎች መረጃ ሥርዓት ይለቀቃል ወይም በመታወቂያ ቁጥር በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። ቅር የተሰኘ ተማሪ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ለመምህሩና ለትምህርት ክፍሉ አመልክቶ ወረቀቱ እንደገና እንዲታይለት የመጠየቅ መብት አለው።

በወረቀት ላይ ሥርዓቱ የተሟላ ነው። ክፍተቱ ያለው በጊዜና በቦታ ነው። የሁለተኛው ሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና የሚጠናቀቀው ክረምቱ ሲገባ ነው። ተማሪው ግቢውን ለቆ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። ሐምሌና ነሐሴ በምዕራብ ጎጃም የእርሻና የአረም ወቅት ነው፤ በቆሎው ይኮተኮታል፣ ጤፉ ይዘራል፣ ይታረማል። ተማሪውም ከቤተሰቡ ጋር ማሳ ላይ ነው። ውጤቱ በዚህ መካከል በድረ ገጽ ቢለቀቅ፣ ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ ወጥቶ እስኪያይ ድረስ ቀናት ያልፋሉ። የቅሬታው ቀነ ገደብ ግን የሚቆጠረው እርሱ ካየበት ቀን ሳይሆን ከተለቀቀበት ቀን ነው። ከግቢው አጠገብ የሚኖር ተማሪና ከደጋ ዳሞት ቀበሌ የመጣ ተማሪ በደንቡ እኩል መብት ቢኖራቸውም፣ የመጠቀም ዕድላቸው እኩል አይደለም።

በአንድ መንገድ ብቻ መመካት የሚያስከትለውን አደጋ የቅርብ ጊዜው ሁኔታ አሳይቷል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በድረ ገጽ ብቻ የተለቀቀ ውጤት፣ ለብዙ ተማሪ፣ እንዳልተለቀቀ ይቆጠራል። የመንገድ መዘጋት ሲጨመርበት ደግሞ በአካል መጥቶ ወረቀት ማየት የማይታሰብ ይሆናል። ትምህርት ሲቋረጥና ሲቀጥል የምዘናው ካላንደር ስለሚጣበብ በመጀመሪያ የሚቀነሰውም ግብረ መልስ ነው፤ ፈተናው ይሰጣል፣ ነጥቡ ይሞላል፣ ወረቀቱ ግን ለተማሪው አይመለስም።

የግብረ መልስ መዘግየት በሴሚስተሩ ውስጥም ይታያል። የተከታታይ ምዘና ነጥብ ከማጠቃለያ ፈተና በኋላ አንድ ላይ ሲገለጽ፣ ተከታታይ የተባለው ምዘና በክፍልፋይ የተሰጠ ማጠቃለያ ከመሆን አያልፍም። በመጀመሪያው ወር በጻፈው አንቀጽ ላይ የፈጸመውን ስሕተት ተማሪው በአራተኛው ወር ቢነገረው፣ በመካከሉ ያንኑ ስሕተት ሲደጋግም ከርሟል።

7. የአካባቢው ነባር ልምድ፦ የቅኔ ቤት ምዘና

ወዲያውኑ የሚሰጥ ግብረ መልስ ለጎጃም እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ዋሸራን በመሰሉ የቅኔ ትምህርት ማዕከላት የታወቀው ይህ አካባቢ ለዘመናት የራሱን የቋንቋ ምዘና ሲያካሂድ ኖሯል። ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩ ምስጢሩ የሳተበትን፣ ሰዋስው የተፋለሰበትን፣ ቤቱ የተሰበረበትን እዚያው ያቀናለታል። ጓደኞቹም እየሰሙ ይማራሉ። ተማሪው ከአንዱ የቅኔ ዓይነት ወደሚቀጥለው የሚሸጋገረው የቀደመውን መቻሉ ሲታወቅ እንጂ የተወሰነ ጊዜ ስለተፈጸመ አይደለም።

ይህን አሠራር እንዳለ ወደ ዩኒቨርሲቲ ማምጣት አይቻልም። የተማሪው ብዛት፣ የሴሚስተሩ ገደብና የመዝገብ አስፈላጊነት አይፈቅዱም። የቅኔ ቤቱ ምዘና በአንድ መምህር ፍርድ ላይ የቆመ በመሆኑም ከላይ የተነሣው የአስተማማኝነት ጥያቄ እርሱንም ይመለከተዋል። ሆኖም ሁለት ነገር ያስተምራል። የቋንቋ ችሎታ በቋንቋው በመሥራት ይመዘናል፤ እርማቱም ሥራው ሳይረሳ ይደርሳል። የሳድለር ሦስት ነጥቦች፣ ማለትም የሚጠበቀው፣ ያለው፣ መንገዱ፣ በቅኔ ቤቱ ደጅ በአንድ ጠዋት ተሟልተው ይገኛሉ።

8. የመውጫ ፈተናው ጥላ

የመውጫ ፈተና ለቋንቋ ትምህርት ክፍሎችም የማለፊያ ነጥቡ 50 በመቶ የሆነ የምርጫ ፈተና ነው። በማዕከል የሚዘጋጅ መሆኑ በተቋማት መካከል ላለው የነጥብ አሰጣጥ ልዩነት አንድ የጋራ መለኪያ ይሰጣል፤ ይህ ሊናቅ የማይገባ ጥቅም ነው። ነገር ግን የቋንቋ ምሩቅ ከሚጠበቅበት አንዱ መጻፍና መናገር ሲሆን፣ የምርጫ ፈተና ሁለቱንም በቀጥታ አይለካም።

በመሆኑም በግቢ ውስጥ የሚደረገው ምዘና ኃላፊነቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ማዕከላዊው ፈተና ሊያያቸው የማይችላቸውን ክሂሎች የሚያየው መምህሩ ብቻ ነው። መምህሩ ደግሞ ተማሪዎቹን ለመውጫ ፈተና ለማዘጋጀት ሲል የራሱን ፈተና ወደ ምርጫ ከለወጠ፣ ተማሪው በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ በወጉ ታርሞ የተመለሰለት ድርሰት ሳያይ መምህር ሊሆን ይችላል። ይህ ተማሪ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በሚገኝ ትምህርት ቤት የሕፃናትን ደብተር ሊያርም ሲቀመጥ የሚከተለው አርአያ የለውም፤ እርሱም ቀይ ምልክት አድርጎ ቁጥር ብቻ ይጽፋል።

9. ማጠቃለያና ጥቆማዎች

ከላይ የቀረበው ትንተና የሚያሳየው የቋንቋ ኮርስ ውጤት በሦስት ቦታ መረጃ እንደሚያጣ ነው፤ ክሂሎች ሲደመሩ፣ አራሚዎች ሲለያዩ፣ ውጤቱ ሲዘገይና በአንድ በር ብቻ ሲወጣ። ሦስቱም የሚሻሻሉት በትልቅ በጀት ሳይሆን በአሠራር ነው። በዚህ መሠረት የሚከተሉት ጥቆማዎች ቀርበዋል።

አንደኛ፣ ከፊደሉ ጋር የአራቱ ክሂሎች ነጥብ በአንድ መስመር ለተማሪው ቢገለጽ። ነጥቡ ቀድሞውንም በመምህሩ መዝገብ ላይ አለ፤ የሚያስፈልገው ምዘናውን ሲያቅድ በክሂል መመደብ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የጽሕፈትና የንግግር የእርማት መስፈርት በትምህርት ክፍል ደረጃ ተዘጋጅቶ ከኮርሱ ዝርዝር ጋር በመጀመሪያው ሳምንት ቢታደል፤ በአማርኛ ኮርሶችም የሞክሼ ፊደላት አያያዝ በጽሑፍ ተወስኖ በሁሉም ሴክሽን አንድ ቢሆን።

ሦስተኛ፣ ከአምስት ድርሰት አንዱ በሁለተኛ መምህር ቢታረም፤ የቡድን ሥራም የግል ድርሻን የሚያሳይ አጭር የቃል ጥያቄ ቢታከልበት።

አራተኛ፣ እያንዳንዱ የተከታታይ ምዘና ወረቀት ቀጣዩ ምዘና ከመሰጠቱ በፊት ታርሞ እንዲመለስ የትምህርት ክፍሉ ቢከታተል። ሁለት ዐረፍተ ነገር አስተያየት ያለበት ወረቀት ከሴሚስተሩ መጨረሻ ፊደል የበለጠ ያስተምራል።

አምስተኛ፣ ውጤት በድረ ገጽ፣ በአጭር የስልክ መልእክትና በመታወቂያ ቁጥር በሚለጠፍ ሰሌዳ ጎን ለጎን ቢለቀቅ፤ የቅሬታው ቀነ ገደብም በክረምት ለሚለቀቅ ውጤት ተማሪው ለቀጣዩ ዓመት ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ቢቆጠር። በዚህ መካከል ከኮርሱ ጋር የተያያዘ ማንኛውም የስንብት ውሳኔ ቅሬታው እስኪታይ ቢዘገይ የሚጎዳው ወገን አይኖርም።

ወደፊት የሚደረጉ ጥናቶች በቡሬና በፍኖተ ሰላም ተቋማት ውስጥ የታረሙ ድርሰቶችን በሁለት አራሚ በማስተያየት፣ እንዲሁም ተማሪዎች ውጤታቸውን ያዩበትን ቀን ከተለቀቀበት ቀን ጋር በማነጻጸር እዚህ በስሌት የታየውን በመስክ መረጃ ሊፈትኑት ይችላሉ። የቋንቋ ትምህርት ፍሬው የሚታየው ተማሪው አንድ ቀን በሌላ ሰው ፊት ቆሞ ሲናገርና ሲጽፍ ነውና፣ ምዘናውም ለዚያ ቀን የሚያዘጋጀው ሊሆን ይገባል።